ለታመመ ሰው ምን ይዘን እንሂድ?

አጎታችሁ ታመው ከኩታበር ደሴ፣ ሆስፒታል ገቡ እንበል። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ቅዳሜ ልትጠይቋቸው ትሄዳላችሁ። ምን ትይዛላችሁ? የአብዛኞቻችን መልስ አንድ ነው፤ ብርቱካን በፌስታል! አጎት ግን አፋቸው ቆስሏል፤ ብርቱካኑ ያቃጥላቸዋል። "ተባረኩ ልጆቼ" ይሉና ኮመዲኖው ላይ ያስቀምጡታል። የቀረበላቸው ቀይ ወጥም አልተነካም። ሰውየው እየታከሙ ይከሳሉ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ሰውነት በሽታን ሲዋጋ ጉልበት ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1995 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለበት አዋቂ የሕመም ምልክት ባይታይበትም 10 በመቶ ያህል፣ ሲታመም ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይበቃው የነበረ ሰው ከ400 እስከ 600 ይጨምራል ማለት ነው። የሚገርመው ግን የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው በዚሁ ሰዓት ነው። ታዲያ ሰውነት የጎደለውን ከየት ያመጣል? ከራሱ ጡንቻ! በጣም ከስተው ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚጀምሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት የመሞት አደጋቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑም ተረጋግጧል።

በሀገራችን መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር "መድኃኒቱስ ተገኘ፣ እህሉስ?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም። በኋላ በነበሩት ዓመታት በበርካታ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ለከሱ ታካሚዎች ምግብ ልክ እንደ ክኒን በሐኪም ትእዛዝ መሰጠት ጀመረ። ፕላምፒ ነት የሚባለውን አይታችሁ ይሆናል፤ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር ተሠርቶ ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ነው። አንዱ 92 ግራም እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ይጣፍጣል፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ቤት ሲደርስ ልጆች ይቀምሱታል፣ ጎረቤት ይካፈለዋል፣ ታማሚው ባዶ እጁን ይቀራል። መድኃኒት መሆኑን ለቤተሰብ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ሰው መክሳቱ እንዴት ይታወቃል? ሒሳብ የምትወዱ፣ ክብደትን በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር አካፍሉ። አጎት 48 ኪሎ፣ ቁመታቸው 1.65 ሜትር ከሆነ ውጤቱ 17.6 ነው። ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ከሆነ ከስቷል ይባላል።

እሺ፣ ምን እንያዝ? መልሱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። 100 ግራም የበሶ ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት አፍ ለቆሰለ ሰው ይመቻል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ 120 ያህል ይጨምራል። በርበሬ የሌለው የክክ አልጫ፣ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ የፈላ ወተት ሁሉም ጥሩ ናቸው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ይቅር! አቅሙ የደከመ ሰው የሚያመጡበትን ጀርም አይችለውም። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ነርሷን ሳትጠይቁ ምንም አትስጡ።

አንድ ነገር አደራ። ለብዙ ቀን እህል ያልቀመሰን ሰው በአንዴ "ብላ፣ ብላ" ማለት አደገኛ ነው። ምግቡ በድንገት ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በፍጥነት ይወርዳል፤ ልብ ሊደክም ይችላል። በጣም ለከሱ ሕፃናት በሆስፒታል መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለው ኤፍ-100 የሚሰጠው ለዚህ ነው። ለአዋቂም በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሻላል።

"ጾም ነው" ካሉስ? እስልምና ለታመመ ሰው ጾምን አቅልሎለታል፤ ክርስቲያን ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን ጥሩላቸው። አንዳንዴ ከሐኪሙ ይልቅ እሳቸው ያስበሏቸዋል።

በመጨረሻም ሰሃኑን ለይታችሁ አትስጧቸው። አብሮ በመብላት ኤች አይ ቪ አይተላለፍም። ለብቻ የቀረበ ምግብ ደግሞ ጤነኛም አይበላውም፤ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ጉረሱ። ብርቱካኑስ? አፋቸው ሲድን ይደርሳል።