የመስኮት ፕሮግራሞችን ምርጫ በጽሑፍ ትእዛዝ ስለ መወሰን

ባንድ የመግቢያ ስም ብዙ ተማሪዎች በየተራ በሚሠሩበት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ፥ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነገር ግን ሰውን ሊጎዳ የሚችል አንድ ጉዳይ አለ። ግኖም በተባለው የሊኑክስ ገጽ ላይ የሚገኘው ቴክስት ኤዲተር የሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲከፈት፥ ባለፈው ጊዜ ተከፍተው የነበሩትን ጽሑፎች ራሱ መልሶ ይዘረጋቸዋል፤ ሳይቀመጥ የቀረ ረቂቅ እንኳ ይመለሳል። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው። በጋራ ወንበር ላይ ግን ጧት የተቀመጠው ተማሪ ያላለቀ ጥናቱን ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ገልጦ ሄደ ማለት ነው። ይህን ልማድ ለማስቀረት በፕሮግራሙ የምርጫ መስኮት አንዲት ምልክት መንካት ይበቃል። ነገር ግን ኮምፒዩተሮቹ አርባ ቢሆኑ አርባ ጊዜ መንካት ሊኖርብን ነው፤ በማግስቱ ሌላ ሰው መልሶ ቢከፍተውም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ይኸው ምርጫ በጽሑፍ ትእዛዝ እንዴት እንደሚወሰን፥ በሌሎችም ላይ ሲወሰን ልኩ የት ድረስ እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ብዙዎቻችን ምርጫው የሚኖረው በመስኮቱ ላይ፥ በምልክቷ ውስጥ ይመስለናል፤ ትእዛዝ መስጠትንም በጓሮ ገብቶ ፕሮግራሙን እንደ መጐርጐር እንቈጥረዋለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ግኖም 3 ከወጣበት፥ ማለት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፥ ምርጫዎቹ የሚጻፉት ዲኮንፍ በሚባል መዝገብ ላይ ነው። መስኮቱና ትእዛዙ ወደዚሁ አንድ መዝገብ የሚያስገቡ ሁለት በሮች ናቸው። ይህንንም በዐይን ማረጋገጥ ይቻላል፤ የምርጫው መስኮት ክፍት ሆኖ ሳለ ትእዛዙ በሌላ መስኮት ቢሰጥ፥ ማንም ሳይነካት ምልክቷ በራሷ ስትለወጥ ትታያለች። መዝገቡ በተለወጠ ጊዜ ለፕሮግራሞቹ ወሬው ይደርሳቸዋልና።

ትእዛዙ ጂሴቲንግስ ይባላል። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚመታ ቢሆንም እኛ እዚህ እንደ ንባቡ እንጽፈዋለን። «ጂሴቲንግስ ጌት ኦርግ.ግኖም.ቴክስትኤዲተር ሪስቶር-ሴሽን» ብለን ብንጠይቅ፥ ማንም ያልነካው እንደ ሆነ «ትሩ» ብሎ ይመልሳል፤ እውነት፥ መልሼ እከፍታለሁ ማለቱ ነው። በ«ጌት» ፋንታ «ሴት» አድርገን በመጨረሻው ላይ «ፎልስ» ብንጨምር ልማዱ ይቀራል። በመካከል ያለው ረጅም ስም ስኪማ ይባላል፤ ይህም ፕሮግራሙ ምን ምን ምርጫ እንዳለው፥ እያንዳንዱ ቍጥር ወይም ቃል ወይም እውነትና ሐሰት መሆኑን፥ ከመጀመሪያውም ምን ተብሎ እንደ ተወሰነ የሚዘረዝር ጽሑፍ ነው። ጂሴቲንግስ ይህን ዝርዝር ሳይመለከት ምንም አይጽፍም። ለምሳሌ በጠቅላላው ገጽ ላይ የፊደሉን መጠን የሚያሰፋው ምርጫ ከ0.5 እስከ 3.0 ድረስ ብቻ ተፈቅዶለታል፤ 5 ይሁን ብንል ከወሰን ውጭ ነው ብሎ እንቢ ይለናል። መዝገቡን በቀጥታ የሚጽፈው ዲኮንፍ የተባለው ትእዛዝ ግን ስኪማውን ስለማያመሳክር የተሳሳተውንም ይቀበላል። እኛ ለጀማሪ የፊተኛውን እንመርጣለን።

«ሪሴት» የተባለው ቃል ለብቻው ማብራሪያ ይገባዋል። አንድን ምርጫ ወደ «ትሩ» መመለስና በ«ሪሴት» መደምሰስ ለዐይን አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሥራ ተጠቃሚው «ትሩ ይሁን» ብሎ በራሱ ስም ጽፏል፤ በሁለተኛው ግን ቃሉን አንሥቶ ለመነሻው ውሳኔ ትቶታል። ልዩነቱ የሚገለጠው የክፍሉ ኀላፊ የመነሻውን ውሳኔ በለወጠ ጊዜ ነው፤ ዝም ያለው ተማሪ አዲሱን ይከተላል፤ የጻፈው ግን በጻፈው ይጸናል።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የኀላፊውን ሥልጣን የሚሰጠውን ሱዱ የተባለውን ቃል በትእዛዙ ፊት ቢጨምሩ ለሁሉ የሚሠራ ይመስላቸዋል። መዝገቡ ግን ለእያንዳንዱ የመግቢያ ስም የተለየ ስለ ሆነ የሚለወጠው የኀላፊው የራሱ ምርጫ ነው፤ ተማሪዎቹ እንደ ነበሩ ይቀራሉ።

ለሁሉ የሚሠራው መንገድ ሌላ ነው። ዲኮንፍ መዝገቦችን ደርቦ ማንበብ ይችላል፤ ከላይ የተጠቃሚው፥ ከበታቹ የክፍሉ። ይህም ቅደም ተከተል በኮምፒዩተሩ «ኢቲሲ» ክፍል ውስጥ ፕሮፋይል በሚባል የሁለት መስመር ጽሑፍ ይመለከታል። የክፍሉን ውሳኔ በዚያው አጠገብ በተራ ጽሑፍ አስፍሮ «ዲኮንፍ አፕዴት» ቢሉ መዝገቡ ይታደሳል። ያን ጽሑፍ ወደ አርባው ኮምፒዩተር መገልበጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የተወሰነው ነገር ተጽፎ ስለሚገኝ ማን ምን እንዳዘዘ ማንም ሊያነብበውና ሊከራከርበት ይችላል። በማውስ የተነካ ምልክት ይህን ጥቅም አይሰጥም።

ተማሪው እንዳይለውጠው ማድረግም ይቻላል። በእንግሊዝኛ የምርጫው ስም «ኪ»፥ ማገጃው «ሎክ» ይባላሉ፤ የኛ «ቍልፍ» የሚከፍተውንም የሚዘጋውንም ስለሚጠራ ሁለቱን እንዳናደባልቅ ማገጃ ብለነዋል። የታገደው ምርጫ ስም «ሎክስ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ከተጻፈ የክፍሉ ውሳኔ በተጠቃሚው ላይ ያይላል። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የጽሑፍ ማዘጋጃው የሰውን ረቂቅ መልሶ እንዳይከፍት ማገድ ተገቢ ነው እንላለን፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በነካው ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት በነበረው ላይ ነውና። የፊደሉን መጠን ማገድ ግን ዐይኑ የደከመውን ተማሪ ከሥራ ማስወጣት ነው፤ ለክፍሉ መልክ አንድነት ሲባል እንዲህ ያለውን ሁሉ መዝጋት ለአሠሪው እንጂ ለሠራተኛው አይመችም። እርግጥ ነው፥ ለያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የመግቢያ ስም መስጠት ከማናቸውም ማገጃ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በዚህ መዝገብ ለሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ነው፤ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ ምርጫቸውን በየራሳቸው ፋይል ይይዛሉ። ፕሮፋይሉ አዲስ የተጻፈ እንደ ሆነም ተጠቃሚው ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። ማገጃው መያዙን ለማወቅ «ጂሴቲንግስ ራይተብል» ብሎ የምርጫውን ስም መጨመር ነው፤ «ፎልስ» ካለ ይዟል፤ በመስኮቱም ላይ ምልክቷ ደብዝዛ አልነካም ትላለች።