ፆታ በጅምላ ግድያ፦ መግለጫ ወይስ ምክንያት?

የጅምላ ግድያ በተፈጸመ ቁጥር «ገዳዩ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ብዙ ጊዜ የገዳዩን ማንነት ከድርጊቱ መንሥኤ ጋር ያደባልቃል። መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሦስት ሕፃናትና ሦስት አዋቂዎች በተገደሉ ጊዜ የታየው ይኸው ነው። ድርጊቱን የፈጸመው ሰው የፆታ ማንነት ሲወለድ ከተመዘገበለት የተለየ መሆኑ ስለ ተነገረ፣ ክርክሩ በዚያው ላይ አተኮረ። ፖሊስ ከሁለት ዓመት በኋላ ምርመራውን ሲዘጋ ግን መነሻው ዝናን መሻት እንደ ነበረ ደምድሟል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው የፆታ ማንነት አለመጣጣምን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ስለዚህ ማንነትን እንደ ሕመም ቆጥሮ፣ ሕመሙን ደግሞ የግድያ ምክንያት ማድረግ የሕክምና መሠረት የለውም። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ተኩስ ከሚፈጽሙት መካከል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወንዶች ናቸው፤ ይሁንና ወንድነትም ቢሆን የበሽታ ስም አይደለም።

በትግራይ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በዚህ የተኮሰው አንድ ግለሰብ ሳይሆን የታጠቀ ሠራዊት በመሆኑ፣ ፆታ ጎልቶ የሚታየው በገዳዩ ሳይሆን በተጠቂው አመራረጥ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ሪፖርት መሠረት፣ የኤርትራ ወታደሮች በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአክሱም ከ100 በላይ ሲቪሎችን ገድለዋል፤ አብዛኞቹም ወጣት ወንዶች ነበሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር በብዙ መቶዎች ገምቶታል። በዚያው ጦርነት እጅግ ብዙ ሴቶች ተደፍረዋል፤ ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ መቀሌ ወደሚገኘው ዓይደር ሆስፒታል መጥተዋል። ሪፖርቱ ወሲባዊ ጥቃት በወንዶችም ላይ መፈጸሙን ይጠቅሳል።

ይህ አመራረጥ በእኛም አእምሮ ውስጥ ይቀረጻል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ወንድ ሲመጣ የጥይት ቁስሉን፣ ሴት ስትመጣ መደፈሯን እንጠይቃለን፤ ተቃራኒውን ግን እምብዛም አንጠይቅም። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ ያልተጠየቀ ወንድ ዕድሉን ሳያውቅ ያልፈዋል። በሽፍታ ፍርሃት ወይም በመንገድ መዘጋት ዘግይቶ የደረሰ ሰው ደግሞ፣ መድኃኒቱ ቢያልፈውም እንኳ የሚደረግለት ምርመራና የሥነ ልቡና ድጋፍ አለ።

በመዝገብ ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀን፣ ቦታና የመሣሪያው ዓይነት ተለይተው ይጻፉ። የአጥቂው ማንነት ከተጻፈ ተጠቂው በተናገረው ቃል ብቻ ይሁን፤ «ይመስላል» የሚል የባለሙያ ግምት አይጨመርበት። ጥያቄውም ቤተሰብና አስታማሚ በሌሉበት፣ ለብቻ ይቅረብ።