ከጥርሱ በፊት ንፋሱ፦ ለራያ ቆላ የሞተር ጎማ አመራረጥ

ቆቦ ላይ የሞተር ሳይክል ጎማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ከሆነ «የገጠር ነው» ይባላል፤ አጭርና የተቀራረበ ከሆነ «የአስፋልት ነው» ተብሎ ወደ ጎን ይገፋል። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የግብርና ባለሙያም፣ ሰውና ጆንያ የሚያመላልሰው ሞተረኛም በዚህ ሚዛን ይመርጣሉ። ሚዛኑ ግን የተሳሳተ ነው። በራያ ቆላ አስፋልቱንም አፈሩንም ለሚረግጥ ሰው ረጅም ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። የሚያዋጣው ጥርሱ መካከለኛ፣ አካሉ ጠንካራ፣ ንፋሱም እንደ መንገዱ የሚስተካከል ጎማ ነው። ጎማ ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ የተናቀው መሆኑ ያሳዝናል። ስለ ሞተሩ ጉልበት ቀኑን ሙሉ መናገር የሚችል ሰው የጎማውን ቁጥር ሲጠየቅ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ይጀምራል። ፍሬን የሚይዘውም፣ ኩርባ የሚያዞረውም፣ ጭነት የሚሸከመውም ከሁለቱ ጎማዎች ሥር መሬት የሚነካው ላስቲክ ነው፤ ያ ደግሞ ተደምሮ ከአንድ ሰው እጅ ስፋት ብዙ አይበልጥም።

ከጎማው በፊት መሬቱን ማየት ይበጃል። የራያ ቆቦ ሜዳ በምዕራብ በወሎ ደጋ ገደል፣ በምሥራቅ ከአፋር በሚለየው የዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ፣ ጎርፍ ያመጣው ደለል የሞላው ሸለቆ ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ የተሸከመውን ሁሉ በአንድ ቦታ አይጥልም። ጉልበቱ ሳይደክም ድንጋዩንና ጠጠሩን ተራራው ሥር ያራግፋል፤ ዝቅ ሲል አሸዋውን ይለቃል፤ በመጨረሻ ውኃው በሚተኛበት ሜዳ ላይ ደቃቁን ሸክላ ያሰፍራል። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ጥቁር ዋልካ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ከቆቦ ወጥቶ ወደ ሜዳው የሚገባ ሰው በአንድ ጉዞ ኮረኮንቹን፣ የሆርማትን ወይም የጎሊናን ወንዝ አሸዋና ዋልካውን ይረግጣል። አስፋልቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከወልድያ ቆቦ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም በዋጃ አልፎ አላማጣ የሚገባው መንገድ ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚወስደው ዋና መንገድ አካል ስለሆነ ከባድ መኪና አይለየውም። ከአላማጣ በላይ ደግሞ ግራካሕሱ አለ፤ ከ1,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ተነስቶ ኮረም ላይ 2,500 ሜትር ገደማ የሚደርስ ጠመዝማዛ አቀበት።

እንግዲህ ጥርስ በነዚህ መሬቶች ላይ ምን ይሠራል? የጥርስ ሥራ አንድ ነው፤ ከራሱ በላላ መሬት ውስጥ ገብቶ መያዝ። የታረሰ ማሳ፣ ዝናብ ያራሰው ለም አፈር፣ ሣር የለበሰ ዳገት ላይ ባለ ረጅም ጥርሱን የሚስተካከል የለም። መሬቱ ከጥርሱ ሲጠነክር ግን የሚገባበት ያጣል፤ ያን ጊዜ የሚይዘው መሬቱን በነካው ላስቲክ ልክ ብቻ ነው። ባለ ረጅም ጥርስ ጎማ ደግሞ ከገጹ ብዙው ክፍተት ስለሆነ የሚያስነካው ላስቲክ ጥቂት ነው። አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ እያንዳንዱ ጥርስ ከሥሩ ይታጠፋል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ ሲያዘነብል የጎን ጥርሶቹ ይወላውላሉ፤ መሪውም የላላ ይመስላል። ከረጅም በጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ከመኪና የተንጠባጠበውን ዘይትና ናፍጣ ከአቧራው ጋር አላቁጦ አስፋልቱን ሲቀባው ይህ ጉድለት በግልጽ ይታያል።

ኮረኮንች ላይም ፍርዱ ያው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህንን ለመቀበል ይቸገራል። ኮረኮንች ከሥሩ በመኪና የተደቀደቀ ጠንካራ መሬት ነው፤ ከላዩ ተንከባላይ ጠጠር ተበትኖበታል። ረጅም ጥርስ ታች ያለውን መሬት አይበሳም፤ ጠጠሩ ላይ ቆሞ አብሮት ይንከባለላል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን «ትሪያል» የሚባለው የሞተር ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሰው በእግሩ የሚፈራውን የድንጋይ ቁልል በሞተር ይወጡታል፤ ነገር ግን ጎማቸው ረጅም ጥርስ የለውም። አጫጭርና የተቀራረቡ ጥርሶች ያሉት፣ ለስላሳ ላስቲክ የሆነ፣ ንፋሱ ከግማሽ ባር የማይበልጥ ጎማ ነው። ድንጋዩን የሚይዘው ተለጥጦ ቅርጹን ስለሚከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ የወጣው ያማሃ ዲቲ-1፣ ለአስፋልትም ለአፈርም ተብለው ለብዙ ሕዝብ ከተሸጡት ሞተሮች ቀዳሚው፣ ሲወጣ የተገጠመለት ጥርሱ ረጅም የሆነ የሞቶክሮስ ጎማ አልነበረም፤ ከዚሁ ከትሪያል የተወረሰ፣ ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት የዲቲ ዘሮች በገጠር መሥሪያ ቤቶች ግቢ የምናውቃቸው ናቸው፤ ዛሬ ጥርሱ ረዘም ያለ ጎማ ሲለብሱ የሚታዩት እንደ ተሻለ ተቆጥሮ ነው።

ወደ ዋልካው እንምጣ፤ «ለጭቃ ጥርስ ነው» የሚለው እምነት ሥር የሰደደው እዚህ ነውና። ዋልካ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ የሚያብጥና የሚጣበቅ ሸክላ ነው። እርጥብ ዋልካ ውስጥ የገባ ጥርስ መጀመሪያ ይይዛል፤ ጎማው ጥቂት ከተሽከረከረ በኋላ ግን በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት በጭቃ ይደፈናል፤ ባለ ጥርሱም ባለ ሊሾውም አንድ ይሆናሉ። ጎማ ጭቃውን ከላዩ የሚያራግፈው በፍጥነት ሲሽከረከር ነው፤ የሞቶክሮስ ተወዳዳሪ ይህ ፍጥነት አለው። ከኋላው ሰው፣ ከጎኑ ጆንያ ጭኖ በአንደኛ ማርሽ የሚያዘግም ባለ 100 ወይም ባለ 150 ሲሲ ሞተር ግን የለውም። ከዚህ የባሰም አለ። ቦክሰርን የመሰሉ ሞተሮች የፊት ፓራፋንጓቸው ለጎማው ቅርብ ነው። ረጅም ጥርስ ሲገጠም ያ ጠባብ ክፍተት ይበልጥ ይጠብባል፤ ዋልካው በመሃል ይጠቀጠቅና ጎማው ቆልፎ ይቆማል። ለእርጥብ ዋልካ መድኃኒቱ ጎማ አይደለም። ፀሐይ ወጥታ ገጹ እስኪጠነክር መጠበቅ ወይም በጠጠሩ በኩል መዞር ነው። አንድ ቀን መዘግየት የማይችል ሥራ መኖሩ እውነት ነው፤ ወላድ ያለችበት ቤት ለሚሄድ የጤና ባለሙያ «ጠብቅ» አይባልም። ለእሱም ቢሆን የሚያሻግረው ፓራፋንጎውን ከፍ አድርጎ ማሰር ነው፤ የጎማ ለውጥ ብቻውን አያሻግረውም።

የቀረው አሸዋው ነው። አሸዋ ላይ ነገሩን የሚወስነው ንፋሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጎማ መሬት ላይ የሚያርፍበት ስፋት በግምት ጭነቱን ለውስጡ ንፋስ በማካፈል ይገኛል። የኋላው ጎማ 150 ኪሎ ቢሸከምና በውስጡ 2 ባር፣ ጎሚስታው 29 ፒኤስአይ የሚለው፣ ቢኖር መሬት የሚነካው 75 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ንፋሱ ወደ 1.5 ባር ሲወርድ ስፋቱ ወደ 100 ይጠጋል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ ጎማ ሳይቀየር፣ መሬት ላይ ያረፈው ላስቲክ በሲሶ ጨመረ ማለት ነው። ደረቁን የጎሊና አሸዋ ለሚሻገር ሰው ሰምጦ በመቅረትና በመንሳፈፍ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ረጅም ጥርስ በተቃራኒው አሸዋውን ይቆፍራል፤ ትንሹ ሞተር ቆፍሮ የሚወጣበት ጉልበት የለውም። እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፤ ንፋስ የቀነሰ ሰው ኮረኮንቹ ላይ ድንጋይ ሲመታው ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳበታል። ይህ ትክክል ነው፤ ከልክ በላይ ከተቀነሰም ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የከመነዳሪውን ቫልቭ ይቆርጣል። ስለዚህ ንፋስ የሚቀነሰው ለአሸዋው ብቻ ነው፤ በዝግታ ተነድቶ ማዶ ሲደረስ በእጅ መንፊያ ይመለሳል። መንፊያ ይዞ የማይሄድ ሰው ንፋስ አይቀንስ። ከዚህ ይበልጥ የሚወቀሰው ግን ተቃራኒው ልማድ ነው፤ ጭነት ሊጭን ሲል ጎማውን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር የሚያስነፋው። እንዲህ የተነፋ ጎማ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥርም ከመሬት ይለቃል። ሙቀትም የራሱን ይጨምራል፤ ጎማው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ንፋሱ በ0.1 ባር ገደማ ይጨምራልና ልኩ መታየት ያለበት ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ለባለ ረጅም ጥርሱ የሚቀርቡ ሌሎች ሁለት መከራከሪያዎች አሉ። አንደኛው እሾህ ነው። ሜዳው ግራር የበዛበት ስለሆነ ወፍራም ጥርስ ከእሾህ ይጠብቃል ይባላል። ጥርሱ ያለበት ቦታ እርግጥ ወፍራም ነው። እሾህ ግን ቦታ አይመርጥም፤ ከገጹ ብዙው ክፍተት በሆነ ጎማ ላይ ስሱን ቦታ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከእሾህ የሚጠብቀው የጎማው የክር ድርብርብና ወፍራም ከመነዳሪ ነው። ከመነዳሪውን ለጥፈው የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ሳይዳስሱ የሚገጥሙ ደግሞ በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ፤ ተሰብሮ የቀረው የእሾህ ጫፍ በማግሥቱ ያንኑ ከመነዳሪ ይበሳዋል። ሁለተኛው መከራከሪያ ዕድሜ ነው፤ «ጥርሱ ረጅም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያገለግላል»። አስፋልት ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሸክሙን ጥቂት ጥርሶች ስለሚካፈሉት እያንዳንዱ ብዙ ይሸከማል፣ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፤ በቶሎም ይበላል። ወልድያ ደርሶ የሚመለስ ሞተረኛ የኋላ ጎማው መሃሉ አልቆ ጎኑ ገና አዲስ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ረጅም ጥርስ በትክክል የሚገባው ሰው አለ፤ አስፋልት እምብዛም የማይነካ፣ ጭነቱ ቀላል፣ ሥራው በክረምት ለም አፈር ያለበት ዳገት ላይ የሆነ። እሱ ይግዛው፤ ሌላው ግን የእሱን ጎማ በማየት አይምረጥ።

ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም። 3.00-17 ማለት ስፋቱ 3 ኢንች፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። ከጎኑ 50ፒ ካለ ንፋሱ ሲሞላ እስከ 190 ኪሎ ይሸከማል፣ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይችላል፤ 41 ከሆነ 145 ኪሎ ብቻ ነው። ጆንያ የሚጭን ሰው ከጥርሱ በፊት ማየት ያለበት ይህንን ቁጥር ነው። አምራቾች «ሃምሳ በሃምሳ» እያሉ የሚጽፉት የአስፋልትና የአፈር ድርሻ ግን ሁሉም የሚስማሙበት መለኪያ የለውም፤ እያንዳንዱ ስለራሱ ጎማ የሚለው ነው። ጎኑ ላይ የዙር አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለም ይከበር።

ከሁለቱ ጎማዎች የትኛው ይቅደም ለሚለው መልሱ የፊቱ ነው፤ የአገሩ ልማድ ግን የኋላውን ያስቀድማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የኋላው በቶሎ ያልቃል፣ ማለቁም ለዓይን ይታያል፤ የፊቱ ጥርሱ ስላለ ብቻ ዓመታት ይቆያል። ፍሬን ሲያዝ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሞተሩን የሚያቆመው በአብዛኛው የፊቱ ጎማ ነው። የኋላው ቢንሸራተት ሞተረኛው አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል፤ የፊቱ ከተንሸራተተ ግን ውድቀት ነው። የፊቱ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ደርቆ የጠነከረ ላስቲክ ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም አይዝም። ዕድሜው ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ያሳያሉ። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት፣ በእኛ የ2011 ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ነው። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ አዲስ ቢባልም ከዚህ ችግር አያመልጥም። ገዢው አኃዙን አንብቦ፣ ጎኑን በጥፍሩ ተጭኖ፣ ከመጋዘን ሌላ እንዲወጣለት መጠየቅ አለበት።