ተጨማሪ መረጃ፦ የድመቷን ስኳር በቤት መለካት

የስኳር ሕመም ድመቶችንም ይይዛል። አብዛኞቹ ላይ የሚታየው በሰው ዘንድ ዓይነት 2 የሚባለውን ይመስላል።

ክሊኒክ ውስጥ የተገኘ ቁጥር ግን ሊያሳስት ይችላል። የፈራች ድመት፣ ጤነኛም ብትሆን፣ በድንጋጤ ብቻ የደም ስኳሯ በዴሲሊትር ከ300 ሚሊግራም ሊያልፍ ይችላል። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ልኬቱ ድመቷ በለመደችው ቤት እንዲካሄድ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ትክክልም ናቸው።

አሠራሩ እንደሚፈራው አይከብድም። ጆሮዋን በሞቀ ጨርቅ አሙቆ ጠርዙን በቀጭን መርፌ ወጋ ማድረግ ነው፤ አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች። ጥንቃቄ የሚሻው መሣሪያው ነው። በሰው ደም ካለው ግሉኮስ ጥሩ ድርሻ የሚይዙት ቀይ የደም ሴሎች ናቸው፤ በድመት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በፕላዝማው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ለሰው የተሠራ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል። እንደ አልፋትራክ ያሉት ለድመትና ለውሻ ደም የተስተካከሉ ናቸው።

አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኢንሱሊን ከመሰጠቱ በፊት ተጀምሮ ለ12 ሰዓት ያህል በየ2 ሰዓቱ ሲለካ መድኃኒቱ መቼ እንደሚበረታ፣ ስኳሩም እስከ የት እንደሚወርድ ይታያል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፍሪስታይል ሊብሬ ደግሞ፣ ካልወደቀ፣ እስከ 14 ቀን ያለ ተደጋጋሚ መርፌ ይከታተላል።

የደም ስኳሯ በዴሲሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች መውረዱ አደገኛ ነው። ድመቷ ከዛለች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ከተንፈራገጠች ድዷ ላይ ማር ቀብታችሁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ አድርሷት፤ የኢንሱሊኑን መጠን ግን በራሳችሁ አትቀይሩ።