መስታወቱ የማያውቀው ጣት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሰላም መሬት ከነካ በኋላ እግሩን አጥፎ በሆዱ የሚተኛበት አጋጣሚ በዛ። ጥፋቱ የፓይለቱ ነው ተባለ። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን የፓይለቱን ክፍል ገብቶ ሲመረምር፣ እግሩን የሚያጥፈውና የክንፉን ፍላፕ የሚመልሰው ማብሪያ ማጥፊያዎች መልካቸው አንድ ሆኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው። የደከመ ሰው ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሣ በእጁ ሲዳብስ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ላይ የሽብልቅ ቅርጽ እንዲገጠም አደረገ። ከዚያ በኋላ ጣት ራሱ ለየ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ «የፓይለት ስህተት» የተባሉ 460 ገጠመኞችን ሰብስበው ሲተነትኑ፣ ብዙዎቹን የጋበዘው የመሣሪያው አሠራር እንደሆነ አሳዩ።

መሣሪያን ከሰው ጋር የማስማማት ሙያ ከመነሻዎቹ አንዱ ይህ ነው። ዛሬ ባለሙያዎቹ የሚመረምሩት በአብዛኛው የስልክና የኮምፒውተር ገጽታን ነው፤ አንድ ቁልፍ የት ይቀመጥ፣ ምን ያህል ይስፋ፣ ሰው ሲሳሳት እንዴት ይመለስ። ይህን ሙያ አዲስ አበባ ውስጥ በተግባር መማር የሚፈልግ ወጣት የት ይሂድ ብባል፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ እለዋለሁ።

ሰፈሩ የሥጋ ደዌ ሕክምና ታሪክ ያለበት ነው። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል እዚያ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ተመሠረተ። የበሽታው ባክቴሪያ የሚወደው ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ስለሆነ ለቆዳ የቀረቡ ነርቮችን ይጎዳል። ክርን አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይታጠፋሉ፤ በእነሱ በኩል ያለው የመዳፍ ክፍል ስሜት ያጣል፤ ላብም ስለሚጠፋ ቆዳው ይደርቃል። ጣቶቹ የሚያጥሩት በሽታው ስለሚበላቸው አይደለም። በሕንድ ቬሎር የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እንዳስረዳው፣ ሕመም የማይሰማው እጅ ቃጠሎንና ቁስልን ሳያውቅ ደጋግሞ ስለሚጎዳ ነው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ የሞተው ነርቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

አሁን ይህን እጅ ከስማርት ስልክ ጋር እናገናኘው። የስልኩ መስታወት ግፊት አይለካም። ከሥሩ ዓይን የማያያቸው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ቀጫጭን መስመሮች ተጠላልፈው ተዘርግተዋል። ጣት ሲቀርብ በዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለወጣል፤ ስልኩም ቦታውን ያሰላል። ሶፍትዌሩ የሚጠብቀው ግን ትንሽ፣ ክብ፣ ቶሎ የሚነሣ ንክኪ ነው። የታጠፈ ጣት በአንጓው ሲነካ ወይም ያጠረ ጣት ሰፍቶ ሲያርፍ፣ መዳፍ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል። ትንሽ ከቆየ «ተጭኖ መያዝ» ብሎ ይተረጉመዋል። የደረቀና የጠነከረ ቆዳ ደግሞ ምልክቱን ያዳክማል። በጣት አሻራ የሚከፈተው ቁልፍም መስመሩ የተፋቀ ጣት ሲቀርብለት ይቸገራል።

ባለ ቁልፉ ስልክ በአንድ በኩል ይሻላል። ቁልፉ ሲወርድ ይታያል፣ ሲጫንም ይሰማል፤ ስሜት ያጣ እጅ የጎደለውን በዓይንና በጆሮ ይተካል። አለርት አካባቢ ጥልፍ እየጠለፉ የሚተዳደሩ እናቶች መርፌውን የሚመሩት በዓይናቸው ነው፤ ያን ያህል የረቀቀ ሥራ የሚሠራን እጅ «አይችልም» ማለት አይቻልም። ነገር ግን *127# ደውሎ ቴሌብር የተባለውን የስልክ ክፍያ አገልግሎት የሚጠቀም ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ቀስ ብሎ ሲያስገባ ጊዜው ያልቅና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብዙ ክፍያ ወደ ስልክ ስለገባ፣ ይህ ትንሽ ችግር አይደለም።

በፊደላችን መጻፍ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ አንድን ዒላማ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ ዒላማው በራቀና በጠበበ ቁጥር ይጨምራል። ሰባት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስልክ ላይ አሥር ቁልፍ በአንድ መስመር ሲደረደር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሰባት ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ግን ለአውራ ጣት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል ብሏል፤ ያውም ለጤነኛ ጣት። 33 የፊደል ቤቶች በየሰባት ሆሄያቸው ሲጨመሩ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ፊደል ሁለት ንክኪ ይጠየቃል። ስለዚህ በድምፅ መልእክት መላክ ለእነዚህ ሰዎች ቅንጦት አይደለም።

የዚህ ሙያ ሰው ዋና ሥራ መመልከት ነው። ለተጠቃሚው አንድ ሥራ ይሰጠዋል፣ ለምሳሌ ለልጁ 200 ብር እንዲልክ፤ ከዚያ ሳያግዝ የት እንደቆመ፣ የት እንደተሳሳተ ይመዘግባል። እኛ አገር ከባዱ ክፍል ይሄ ይመስለኛል። አንዲት እናት ገና ሲጀምሩ «ልጄ፣ እኔ አላውቅበትም» ብለው ጥፋቱን ለራሳቸው ይወስዳሉ። ተመራማሪው «እማማ፣ የምንፈትነው ስልኩን ነው» ብሎ፣ እስኪያምኑት ታግሦ ማስረዳት አለበት። ለጊዜያቸውም መክፈል ይገባዋል።

የሥጋ ደዌ ሐኪሞች የእጅን ስሜት ውፍረቱ በታወቀ የናይለን ክር ነካ እያደረጉ ይለካሉ፤ በየጣቱ የት ድረስ እንደሚሰማው ይመዘገባል። ታካሚው ፈቅዶ፣ ያንኑ ጣት ስልክ ላይ አሳርፎ የንክኪውን ስፋት፣ የቆየበትን ጊዜና የሳተበትን ርቀት መመዝገብ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ስሜቱ እዚህ ደረጃ ለደረሰ እጅ ቁልፉ ስንት ሚሊ ሜትር ይስፋ፣ ሚስጥር ቁጥሩስ ስንት ሰከንድ ይጠብቅ የሚለውን የባንክ መተግበሪያ ለሚሠራው ባለሙያ በቁጥር መስጠት ይቻላል።