የሚታጠረው ልጁ ነው ወይስ ዶሮዋ?

በ2014 እ.ኤ.አ. ጁባ ውስጥ ኮሌራ ሲነሣ ለነዋሪው የተላለፈው ምክር የተለመደው ነበር፤ ውኃ አክሙ፣ እጅ ታጠቡ፣ በመጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ። ለኮሌራ ትክክለኛ ምክር ነው። ለሕፃን አንጀት ግን አይበቃም፤ የጤና ዘመቻዎች ለዓመታት ያተኮሩት በሰው ሰገራ ላይ ሲሆን፣ በጁባ ግቢም ሆነ በአማራ ገጠር ሕፃኑ ዳዴ የሚልበት አፈር የዶሮና የፍየልም መዋያ ነው። ዶሮ ደግሞ መጸዳጃ ቤት አትሄድም።

በዚምባብዌ ገጠር 23 ሕፃናትን ለሰዓታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ 3ቱ አፈር በእፍኝ ሲበሉ፣ 2ቱ የዶሮ ኩስ አንሥተው ወደ አፋቸው ሲከቱ ታይተዋል። ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ዶሮዋን ብዙም ሳይጎዳ በአንጀቷ ይኖራል፤ ሕፃኑን ግን ያስቀምጠዋል። ተቅማጥ ባይታይ እንኳ አንጀቱን እያስቆጣ የበላው እንዳይዋሃደው ያደርጋል የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። በሐረማያ አካባቢ የተደረገ ጥናትም ባክቴሪያውን በበርካታ ሕፃናት ሰገራ አግኝቶታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው ግን ተመራማሪዎቹ ሄዲና ሂርቮነን በ2016 ከኢትዮጵያ ገጠር መረጃ ያወጡት ነው፦ ዶሮ ያለው ቤተሰብ ልጆች በቁመት ሻል ብለው ሲገኙ፣ ዶሮን ሰው በሚተኛበት ቤት ማሳደር ከቁመት ማጠር ጋር ተያይዟል። እንግዲህ ጥያቄው ዶሮ ይኑር አይኑር ሳይሆን የት ይደር ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚያው ከዚምባብዌ ነው። ሻይን የተባለው ሰፊ ሙከራ ከመጸዳጃ ቤትና ከእጅ መታጠቢያ ጋር ምንጣፍና የታጠረ መጫወቻ ለሕፃናት ሰጥቶ ነበር፤ በ2019 የወጣው ውጤት ግን የንጽሕናው ሥራ በቁመት ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። ታዲያ ነገሩ ይቅር? እኔ የምረዳው በተቃራኒው ነው። የታጠረው ልጁ እንጂ እንስሳው አልነበረም። ሕፃን ቀኑን ሙሉ አጥር ውስጥ አይቀመጥም፤ ያለቅሳል፣ እናቱ ታወጣዋለች፣ እህቱ ታዝለዋለች፣ መልሶም ዶሮዋ በጫረችው አፈር ላይ ይቀመጣል። «እኛም ከዶሮ ጋር ነው ያደግነው» ለሚል ደግሞ፣ በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል፤ መንስኤው ብዙ ቢሆንም የዶሮ ኩስም አንዱ ተጠርጣሪ ነው።

የድህነቱ ክርክር ይከብዳል። ጭራ የምትበላ ዶሮ መኖ አታስወጣም፤ ደጅ ብታድር ሸለምጥማጥ ወይም ሌባ ይወስዳታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዝጉ ከማለት ማታውን ማስቀደም ያዋጣል፦ ከቤቱ ግድግዳ በውጭ የተጠጋ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በር ያለው የቀርከሃ ማደሪያ፤ ጠዋት ደግሞ ሕፃኑ ሳይወርድ ግቢውን መጥረግ። ወጪው በእናት ላይ መጣል የለበትም። ጫጩት የሚያድል ፕሮጀክት ሁሉ የማደሪያውን ዋጋ በበጀቱ ያስገባ፤ ካልቻለ ጫጩቱን ባያድል ይሻላል።