የአሮጌ ራዳሮች አጠባበቅና እድሳት

ራዳር በጨለማም ሆነ በጉም ውስጥ በሩቅ ያለን ነገር ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ ነው። አሠራሩ የገደል ማሚቶን ይመስላል። በገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ ሰው ድምፁ ነጥሮ ተመልሶ ይሰማዋል፤ ራዳርም በድምፅ ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልክና፣ ሞገዱ አውሮፕላን መትቶ ሲመለስ ይቀበለዋል። የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ150 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ አውሮፕላን ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ጊዜ በመለካት ርቀቱን፣ አንቴናው ከዞረበት ወገን ደግሞ አቅጣጫውን ያስታውቃል።

አገሮች የአየር ክልላቸውን ለመጠበቅ በምድር ላይ የሚያቆሟቸው ራዳሮች ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከተሠሩ 30 እና 40 ዓመት ካለፋቸው በኋላም ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ያረጀ ራዳር የተሰወረ አደጋ አለው። ጨርሶ የቆመ መሣሪያ ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ቀስ በቀስ የደከመው ግን ደኅና የሚሠራ ይመስላል። የሚልከው ኀይል በግማሽ ቢቀንስ፣ እስከ 250 ኪሎ ሜትር ያይ የነበረው ራዳር ከ210 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን የ40 ኪሎ ሜትር ልዩነት በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ያቋርጠዋል፤ ማስጠንቀቂያውም በዚያው መጠን ይዘገያል። መመልከቻው ባዶ ሲሆን ጠባቂው ሰማዩ ባዶ ይሁን ወይም መሣሪያው ሳያይ ቀርቶ ይሁን ለይቶ ለማወቅ አይችልም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፒ-18 የተባለው ራዳር ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ለአገልግሎት የበቃና በብዙ አገሮች የተሠራጨ ነው። በከባድ መኪናዎች ላይ የሚጫን ሲሆን፣ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 16 አንቴናዎች አሉት። የሞገዱም ርዝመት 2 ሜትር ያህል ነው።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ዕድሜውን የሚያስረዝምለት በመጀመሪያ የዘወትር ጥበቃ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ባለሙያዎቹ ብልሽት እስኪደርስ አይጠብቁም። አንቴናውን የሚያዞሩት ኩሽኔታዎች ግራሶ ይቀባሉ፤ ውሃና አቧራ የገባባቸው የገመድ መጋጠሚያዎች ይጸዳሉ፤ የሚላከው ኀይልና የተቀባዩ ንቃት በየጊዜው እየተለኩ በመዝገብ ይጻፋሉ። የዛሬው ልክ ካለፈው ወር ልክ ጋር ሲነጻጸር የተሰወረው ድካም ይገለጣል።

ነገር ግን ጥበቃ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ ይመጣል። በአሮጌ ራዳሮች ውስጥ ያሉት፣ ቫልቭ የሚባሉት የመብራት አምፖል መሰል ዕቃዎች እየጋሉ ስለሚሠሩ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ፋብሪካዎችም መሥራታቸውን እየተዉ በመሄዳቸው መለዋወጫ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ እድሳት ይታሰባል። ሊቱዌኒያና ዩክሬን ፒ-18ን ካደሱት አገሮች መካከል ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ እድሳት የቫልቮቹን ሥራ ትራንዚስተሮች ይተካሉ፤ ተመላሹን ሞገድ ኮምፒዩተር ይመረምራል፤ ከተራራ የሚመጣውንም እየለየ ያስወግዳል። ከዚህም ሌላ ሞገድ አመንጪው ከብዙ ትንንሽ ክፍሎች ስለሚሠራ፣ አንዱ ቢበላሽ ኀይሉ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ራዳሩ አይቆምም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከመለወጥ አዲስ መሣሪያ መግዛት አይሻልም ነበርን? መልሱ በሞገዱ ርዝመት ላይ ይገኛል። ከራዳር ለመሰወር የሚሠሩ አውሮፕላኖች ቅርጻቸውና ቅባቸው በይበልጥ የታቀደው አጫጭር ሞገድ ለሚልኩ ራዳሮች ነው፤ ረጅሙን የሜትር ሞገድ ግን በዚያው መጠን ሊያታልሉት አይችሉም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 በዩጎዝላቪያ ኤፍ-117 የተባለው ስውር የአሜሪካ አውሮፕላን በሚሳይል ተመትቶ ሲወድቅ፣ አስቀድሞ መምጣቱን ያየው የሚሳይሉ ክፍል ፒ-18 ራዳር ነበር።

እርግጥ ነው፣ እድሳት ሁሉን አያስተካክልም። ፒ-18 የአውሮፕላኑን ርቀትና አቅጣጫ እንጂ ከፍታውን አይለካም፤ ለዚህ ሌላ ራዳር ያስፈልገዋል። ረጅሙ ሞገድም ነጥቡን አጥብቦ አያሳይም።

እንግዲህ እርጅና የአንድን መሣሪያ ክፍሎች ሁሉ እኩል እንደማያጠቃ ከዚህ እንረዳለን። ቫልቩ ይሞታል፤ ኩሽኔታው ያልቃል፤ የሞገዱ ጠባይ ግን አያረጅም። የአዳሹ ጥበብ የሚለወጠውን ከሚጠበቀው ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህን ለመለየት የሚያስችለውም በየዕለቱ በታማኝነት የተጻፈው መዝገብ ነው።